ዶማ አያያዝ፦ ሥር ለመንቀልና ድንጋይ ለመፈንቀል

ጉቶ ለመንቀል የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሥሩን ሳያየው ይመታዋል። አፈር የለበሰ ሥር ሲመታ ዶማው ይነጥራል፤ ስለቱ ከሥሩ ጎን ከተደበቀ ጠጠር ጋር ይጋጫል፤ ክንድ ይዝላል፤ ጉቶው ግን ንቅንቅ አይልም። ሰውየው ወይ ዶማውን ያማርራል፣ ወይ ጉልበት ያነሰው ይመስለዋል። የጎደለው ግን ጉልበት አይደለም፤ መግለጥ ነው። መጀመሪያ አፈሩን አንሡ፣ የምትመቱትን በዓይናችሁ እዩት፣ ከዚያ ምቱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለመፈጸም የሚረዳ ነው።

ምን ዓይነት ዶማ?

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ባለ ሁለት ጫፍ ዶማ ነው። አንደኛው ዓይነት በአንድ ወገን ሹል ነው፤ በሌላው ወገን እንደ ምላስ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለቱ አግድም የተኛ ነው። ሹሉ ደረቅ መሬት ይሰብራል፣ በድንጋዮች መካከል ገብቶ ያላቅቃል፤ ጠፍጣፋው የተሰበረውን አፈር ይስባል። በሁለተኛው ዓይነት ላይ ሹሉ ቀርቶ በቦታው እንደ መጥረቢያ የቆመ ስለት አለ፤ እሱ ሥር ለመቁረጥ ነው።

ድንጋይ ለሚበዛበት መሬት የመጀመሪያውን፣ ጉቶና ቁጥቋጦ ለሚበዛበት ሁለተኛውን ያዙ። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ ባለ ሹሉን እመክረዋለሁ። ሥር በጠፍጣፋው ጫፍም፣ በመጥረቢያም፣ በመጋዝም ይቆረጣል፤ በጠጠር የታጨቀ መሬት ግን ያለ ሹል አይበገርም።

የብረቱ ክብደት ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሰውነቱ ቀለል ላለ ሰው 1.5 ኪሎ ግራም ያለውም ጥሩ ይሠራል። ከባዱ ዶማ በአንድ ምት ጠለቅ ብሎ ይገባል፤ ነገር ግን ሥራው የሚያልቀው በአንድ ምት አይደለም። መቶ ጊዜ ሳትደክሙ ልታነሡት የምትችሉት ዶማ፣ ሃያ ጊዜ አንሥታችሁ ከምታስቀምጡት ይሻላል።

ዛቢያው

ዶማ ሲገዛ ብረቱን እያገላበጠ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ዛቢያውን የሚያይ ጥቂት ነው። እኔ የማየው ዛቢያውን ነው። ርዝመቱ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የእንጨቱን መስመሮች ተከተሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብለው የሚሄዱ መሆን አለባቸው። መሐል ላይ ወደ ጎን ሾልከው የሚወጡ ከሆነ ዛቢያው አንድ ቀን በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ጉጥ ያለበትን አትውሰዱ። ወፍራም ቀለም የተቀባ ዛቢያ ጉጡንም ስንጥቁንም ስለሚሸፍን አላምነውም።

አሁን የዶማው ራስ፣ ማለት ብረቱ፣ ከዛቢያው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ልብ በሉ፤ የመጥረቢያና የዶማ አገጣጠም የተለያየ ነው። የመጥረቢያ ራስ ከላይ ገብቶ በሽብልቅ ይጠብቃል። የዶማ ዛቢያ ግን ላይኛው ጫፉ ወፍራም፣ የእጅ መያዣው ቀጭን ነው፤ ብረቱ በቀጭኑ በኩል ገብቶ እስከ ወፍራሙ ድረስ ይንሸራተትና እዚያ ይቆማል። ዶማው በተወነጨፈ ቁጥር ብረቱ ወደ ውጭ ስለሚሳብ ራሱን በራሱ ያጠብቃል። ስለዚህ ብረቱ በላይ በኩል ተፈትልኮ አይወጣም።

አደጋው በሌላ በኩል ነው። እንጨቱ በደረቅ ወራት ሲኮማተር ብረቱ ይላላል፤ ዶማው ወደ ላይ ሲነሣ የላላው ብረት በዛቢያው ላይ ተንሸራትቶ እጅ ላይ ያርፋል። ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። ጠዋት ሳልፈትሸው አነሣሁት፤ ሁለት ኪሎ የሚመዝነው ብረት በግራ እጄ ሁለት ጣቶች ላይ ወረደ። ጥፍሮቼ ጠቁረው ወደቁ፤ እስኪያድጉም ብዙ ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልፈትሽ ዶማ አንሥቼ አላውቅም።

ፍተሻው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዶማውን ገልብጣችሁ፣ ብረቱ ወደ ታች ሆኖ ያዙት። የዛቢያውን ወፍራም ጫፍ በእንጨት ግንድ ወይም በጣውላ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ አንኳኩ። ዛቢያው ሲቆም ብረቱ በክብደቱ ወደ ወፍራሙ ጫፍ መውረዱን ይቀጥልና ይጠብቃል። ብረቱን ለማውጣት ስትፈልጉ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ብረቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቀጭኑን ጫፍ ግንዱ ላይ አንኳኩ፤ ብረቱ ይላቀቃል።

የላላ ዛቢያ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማሳደር የተለመደ ነው። አታድርጉት። እንጨቱ ያብጣል፣ ለአንድ ቀን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሲያብጥ በብረቱ ውስጥ ራሱን ስለሚጨፈልቅ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል። እየነከሩ ከመቆየት ዛቢያውን መለወጥ ይሻላል።

ስለት ማውጣት

ዶማ ስለት አያስፈልገውም የሚሉ አሉ። አፈር ብቻ ለሚቆፍር እውነት ሊሆን ይችላል። ሥር ለሚቆርጥ ግን የዶለዶመ ዶማ ሥሩን ይቀጠቅጠዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የተቀጠቀጠ ሥር ደግሞ እንደ ገመድ ይለጠጣል፣ በሚቀጥለው ምት ዶማውን ይመልሳል።

ብረቱን በሞርሳ አጥብቁ፤ ሞርሳ ከሌለ ዶማውን መሬት ላይ አስተኝታችሁ ዛቢያውን በጉልበታችሁ ተጫኑት። ጠፍጣፋ ሞረድ ያዙ፤ ሞረዱ መያዣ እጀታ ይኑረው። ጓንት አድርጉ። ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመለስ አንሡት። እየጎተቱ መመለስ ብረቱን አይስለውም፤ የሞረዱን ጥርሶች ብቻ ይጨርሳል። የመጥረቢያውን ጫፍ ከሁለቱም ወገን ወደ 30 ዲግሪ፣ ጠፍጣፋውን ወደ 45 ዲግሪ ቅረጹት። ከዚህ የቀጠነ ስለት ጠጠር ሲነካው ይሸረፋል። በጣት እንደ ምላጭ የሚቆርጥ መሆን የለበትም፤ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ግንድ ላይ አጋድማችሁ በአንድ ቀላል ምት የሚቆርጥ ከሆነ በቂ ነው።

በኤሌክትሪክ መሳያ የምትጠቀሙ ከሆነ ብረቱን ቶሎ ቶሎ ውኃ ንከሩት። ጫፉ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ያ ክፍል ከእንግዲህ ስለት አይይዝም።

ከመጀመሪያው ምት በፊት

ከመሬት በታች ምን እንዳለ እወቁ። የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የጋዝ መስመር፣ የስልክ ገመድ በግቢ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚመለከተውን አገልግሎት ሰጪ ጠይቁ፣ ቤቱን ከሠራው ሰው ጠይቁ። በምትቆፍሩበት ጊዜ የተለየ ቀለም ያለው የተሞላ አፈር፣ አሸዋ ወይም የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ካገኛችሁ ቁሙ። አሸዋ በተፈጥሮ በሌለበት ቦታ አሸዋ ከታየ ሰው ያፈሰሰው ነው፤ የፈሰሰውም ቧንቧ ወይም ገመድ ላይ ሊሆን ይችላል።

የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ይህን እንደ ምክር ብቻ አትቁጠሩት፤ ብረት ድንጋይ ሲመታ የሚበረው ፍንጣሪ ዓይን ለማጥፋት የጥፍር ስባሪ ማከል አያስፈልገውም። ጠንካራ ጫማ አድርጉ። ሌላ ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ከ3 ሜትር የቀረበ እንዳይቆም።

አፈሩንም ፈትሹ። አንድ እፍኝ አንሥታችሁ ጨብጡት። ተጣብቆ ቆይቶ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ቀኑ ምቹ ነው። ከተጣበቀና እንደ ሊጥ ከተሳበ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ጭቃ ዶማውን ይዞ አይለቅም፣ እግርም ያንሸራትታል። ደርቆ እንደ ጡብ ከሆነ ደግሞ ቀስ ብላችሁ በብዙ ውኃ አጠጡትና ከአንድ ቀን በኋላ ተመለሱ። ሸክላ አፈር ላይ ውኃ አንድ ቀን የሚሠራውን ሥራ ክንድ በሦስት ቀን አይሠራውም።

አመታት

እግሮቻችሁን በትከሻችሁ ስፋት ልክ ክፈቱ። አንድ እጅ በዛቢያው ጫፍ ይሁን፤ ሌላው ወደ ብረቱ ይጠጋ። ዶማውን ወደ ትከሻ አንሡት። ከራስ በላይ ማንሣት አያስፈልግም፤ ከፍታው ጥቂት ኃይል ይጨምራል፣ የሚያጠፋው አነጣጠር ግን ብዙ ነው። ሲወርድ ላይኛው እጅ በዛቢያው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ታችኛው እጅ ይምጣ፤ የሚመታው የብረቱ ክብደት ነው፣ የእናንተ ድርሻ አቅጣጫ መስጠት ነው። ብረቱ መሬት ሲነካ ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ወገብ ብቻውን የሚታጠፍ ከሆነ ማታ ያስታውቃል።

ዛቢያውን አንቃችሁ አትያዙት። ጠበቅ ብሎ የተያዘ ዛቢያ ንዝረቱን ሁሉ ወደ ክርን ይልካል። በየአሥር ደቂቃው እጆቻችሁን አቀያይሩ፤ መጀመሪያ ያስቸግራል፣ በሁለተኛው ቀን ይለመዳል።

ጉቶና ቁጥቋጦ መንቀል

1. ቅርንጫፎቹን ቁረጡ፤ ግንዱን ግን ከመሬት አትቁረጡት። ቢያንስ የደረት ቁመት ያህል አስቀሩ። ይህ ግንድ በኋላ ጉቶውን የምታወዛውዙበት እጀታ ነው። ግንዱን ከመሬት እኩል ቆርጦ "አሁን ጉቶውን ልንቀል" የሚል ሰው የነበረውን መሣሪያ ጥሎ ነው የጀመረው።

2. ከግንዱ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን ቆፍሩ። የጎን ሥሮች ብዙዎቹ ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሆኑ ገና ሳትጠልቁ ታገኟቸዋላችሁ። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጉት፤ ዶማ መወንጨፊያ ቦታ ካጣ ጉልበት ይባክናል። አፈሩን በአንድ ወገን ብቻ ከምሩ፣ በኋላ ስትመልሱት አትቸገሩም።

3. ሥር ሲገኝ መምታት አቁሙ። አፈሩን በጠፍጣፋው ጫፍ ሳቡት፣ በእጅ ወይም በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። በሥሩ ታች በኩልም እጅ የሚያስገባ ክፍተት ፍጠሩ።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ሥራው የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። በቅርቡ በነቀልኩት ጉቶ ላይ የእጄን አንጓ የሚያህል ሥር አገኘሁ። ከላይ ሲታይ ምንም የለበትም፤ ልመታው ዶማውን አንሥቼ ነበር። አንድ ጆግ ውኃ ቀስ ብዬ አፈሰስኩበት። አፈሩ ታጥቦ ሲወርድ ሥሩ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ እንደ ጣት አቅፎ አድጎ ኖሯል፤ ግማሹ ድንጋይ በእንጨቱ ውስጥ ተውጧል። የምመታው እዚያው ላይ ነበር። አንድ ስንዝር ወደ ግንዱ ቀረብ ብዬ ንጹሕ ቦታ መረጥኩና በአራት ምት ተቆረጠ። ውኃው የወሰደብኝ አንድ ደቂቃ ነው፤ የተሸረፈ ስለት ለመመለስ ግን ግማሽ ቀን በሞረድ መግፋት ይጠይቅ ነበር።

4. እያንዳንዱን ሥር ሁለት ቦታ ቁረጡት፤ አንዱን ከጉድጓዱ ግድግዳ አጠገብ፣ አንዱን ከግንዱ አጠገብ። አንድ ቦታ ብቻ ከቆረጣችሁ ሥሩ እዚያው ተጋድሞ ቀጣዩን ሥር ይከልልባችኋል። ስትቆርጡ ምቱን ቀጥ አታድርጉ፤ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ ሰያፍ እየመታችሁ ፍላጩን አውጡ። የተወጠረ ሥር ሲበጠስ ሊፈናጠር ስለሚችል ፊታችሁን ከላዩ አርቁ። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የወፈረ ሥር በመጋዝ ይቆረጥ፤ ያን ጊዜም አስቀድማችሁ እጠቡት፣ አፈር የመጋዝ ጥርስን ይጨርሳል።

5. የጎን ሥሮች ሲያልቁ ግንዱን ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ ወዝውዙ። የማይነቃነቅበት ወገን ገና ያልተቆረጠ ሥር ያለበት ነው፤ ወደዚያ ሂዱ። በሁሉም ወገን ከተወዛወዘና ከታች ብቻ የሚይዘው ካለ ዋናው ሥር ቀርቷል። ግንዱን ወደ አንድ ወገን ገፍቶ የሚይዝ ሰው ካለ ሥሩ ይወጠራል፤ የተወጠረ ሥር በግማሽ ምት ይቆረጣል። የሚይዘው ሰው ከዶማው መንገድ ውጭ መቆሙን አረጋግጡ።

6. ከተቆራረጠ ሥር እንደገና የሚበቅሉ ተክሎች አሉ፤ ቀርከሃና ብዙዎቹ በመሬት ውስጥ የሚሳቡ ሣሮች እንዲህ ናቸው። ለእነዚህ የዶማውን ስለት እርሱት። በሹሉ አፈሩን አላልታችሁ ሥሩን በእጅ ተከትላችሁ ሙሉውን አውጡት። እያንዳንዱ የተቆረጠ ቁራጭ አንድ አዲስ ተክል ነው።

ድንጋይ መፈንቀል

በመጀመሪያ የድንጋዩን ጠርዝ ፈልጉ። በሹሉ ጫፍ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉ፤ ድንጋይ ሲሆን ድምፁ ይጠራል፣ አፈር ሲሆን ይደነዝዛል። ጠርዙን ሳታውቁ መቆፈር የጀመራችሁበት ድንጋይ ሌላኛው ጫፉ ከቤቱ መሠረት ሥር ሊሆን ይችላል።

ጠርዙ ሲታወቅ ክብደቱን ገምቱ። የግራናይት አንድ ኪዩቢክ ሜትር ወደ 2,700 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በዚህ ሒሳብ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድብልብል ድንጋይ 38 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ ለሁለት ሰው ቀላል ነው። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን 300 ኪሎ ግራም ያልፋል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ዓይን ይህን አያይም።

ዙሪያውን ክፈቱ፤ በአንድ ወገን ያለውን አፈር ግን እንደ ዳገት አጋድማችሁ ቁረጡት፣ ድንጋዩ የሚወጣው በዚያ ነው። ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን አፈር በጠፍጣፋው ጫፍ እየሳባችሁ መግቢያ አብጁ።

ከዚህ በኋላ ዶማውን አስቀምጡ። በዶማ ዛቢያ ትልቅ ድንጋይ መፈንቀል ዛቢያውን ከብረቱ አንገት ላይ ይሰብረዋል፤ ከተሰበሩ ዛቢያዎች ብዙዎቹ የተሰበሩት እንዲህ ነው። የመፈንቀያው መሣሪያ ዲጂኖ ነው። ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ዲጂኖ ያዙ፤ ጫፉን ከድንጋዩ ሥር አስገቡ፤ ከጫፉ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠንካራ ድንጋይ ወይም እንጨት ደግፉለት። አሁን ከድጋፉ ወዲህ 135 ሴንቲ ሜትር፣ ወዲያ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኃይላችሁ ዘጠኝ እጥፍ ሆኗል። 40 ኪሎ ግራም ስትጫኑ ድንጋዩ ላይ የሚደርሰው 360 ነው። ድጋፉ ለድንጋዩ በቀረበ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል፤ ድንጋዩ የሚነሣው ግን በዚያው ልክ ጥቂት ይሆናል። በቂ ነው፤ በአንድ ጊዜ አምስት ሴንቲ ሜትር ካነሣችሁት ሌላ ሰው ከሥሩ ጠጠርና አፈር በረጅም እንጨት ይግፋበት። እጅ በፍጹም አይግባ። ድንጋዩን መልሱት፣ ድጋፉን ከፍ አድርጉ፣ በሌላው ወገን ድገሙት። ድንጋዩ በራሱ አልጋ ላይ እየተነሣ ይወጣል።

ይህ ዘዴ ከብረትም ያረጀ ነው። በእንግሊዝ አገር ግራይምስ ግሬቭስ በተባለው ቦታ ከ4,000 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ባልጩት ያወጡ የነበሩ ቆፋሪዎች መሣሪያቸው የአጋዘን ቀንድ ነበር። ቀንዱን ስንጥቅ ውስጥ ከትተው ኖራማውን ድንጋይ እየፈነቀሉ ከ10 ሜትር በላይ ወርደዋል። በቀንድ ያን ያህል መውረድ የተቻለው ድንጋዩ ደካማ የሆነበት ቦታ እየተፈለገ ስለተሠራ ነው፤ በብረትም ሲሠራ ከኃይል ይልቅ ስንጥቅ መፈለግ ያዋጣል።

ድንጋዩ ከአቅም በላይ ከሆነ ለማውጣት አትሟገቱ። ከጎኑ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ወደዚያ አንከባላችሁ መቅበር ይቻላል። ያን ጊዜ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆናችሁ አትቆፍሩ፤ ድንጋዩ ሳይጠራ ይመጣል። ጉድጓዱም ከ1.5 ሜትር ካለፈ ግድግዳው ሳይደገፍ ማንም አይግባበት፤ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አፈር 1.5 ቶን ያህል ስለሚመዝን የሚናድ ግድግዳ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። ድንጋይን በእሳት አግሎ ውኃ መድፋትንም አትሞክሩ፤ ፍንጣሪው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም።

እረፍት ስትወስዱ ዶማውን ስለቱ ወደ ላይ አድርጋችሁ አትተዉት። ስለቱን ወደ መሬት ደፍታችሁ ሰው በማያልፍበት ጥግ አስቀምጡት።

ማታ

አፈሩን በእንጨት ፍላጭ ፋቁ፣ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ አድርቁ፣ በዘይት የራሰ ጨርቅ ብረቱ ላይ አሳልፉ። ዛቢያው ከሻከረ በአሸዋ ወረቀት አለስልሱትና የተልባ ዘይት ቀቡት፤ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ያልጠጣውን ጥረጉ። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ጥግ እንዳይጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ተጠቅልሎ የተከመረ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ ስቀሉት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አስቀምጡት። ዶማውንም ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው ቦታ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ነገ ስታነሡት ደግሞ ገልብጣችሁ ጣውላው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አንኳኩት።